በቀልን አታሳምሩብን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ተዋንያንና ስለ አልባሳት ብዙ ትጽፋላችሁ። እስቲ አንዴ ደግሞ ድራማዎቻችን በቀልን እንዴት እንደሚያሳዩ ጻፉልን። ከቱርክ ተተርጉሞ የሚመጣውም ሆነ እዚሁ የሚሠራው፣ ተበዳዩ ጠላቱን ሲጥል ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ «እሰይ!» ይላል። ልጆችም አብረው ይላሉ። ይሄ ያሳስበኛል።

ሰሞኑን ጓደኛዬ ቢቢሲ በ2006 ያቀረበውን «ስዊኒ ቶድ» የተባለውን ፊልም በፍላሽ ሰጠኝ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩ የቆየ ነው። የለንደን ፀጉር አስተካካይ ደንበኞቹን በምላጭ ያርዳል፣ ሚስስ ላቬት የምትባል ሴት ሥጋቸውን በሊጥ ጠቅልላ ትሸጣለች። በ1846 በርካሽ መጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት ሲጀምር ሰውየው የሚገድለው ለዝርፊያ ነበር። ቶድን የሚበድል ዳኛ ታሪኩ ውስጥ የገባው በ1973 ክሪስቶፈር ቦንድ በጻፈው ቴአትር ነው። ተራ ዘራፊ የነበረው ሰው እንዲህ ተበዳይ ሆነና ተመልካች ያዝንለት ጀመር።

የቢቢሲው ዘፈን የለውም፤ ጨለማ ነው፤ ደሙም ያስጠላል። ግን አይዋሽም። ሬይ ዊንስተን የሚጫወተው ቶድ በልጅነቱ ኒውጌት እስር ቤት ተጥሎ እዚያው ያደገ ሰው ነው። አንድ ቀን የዚያው እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው ሊላጭ ይመጣል። ይገድለዋል። እዚህ ጋ ማንም «ይበለው!» ይላል። ግን እጁ በዚያ አያቆምም፤ ምንም ያልበደሉት ሰዎች እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እነሱንም ያርዳቸዋል፣ ፊቱ ላይ ግን እርካታ የሚባል ነገር አታዩም።

እኛ ወሎዎች ይሄን ከድራማ አልተማርነውም። ደም ያለበት ቤት ልጁ ገበያ መውጣት ይፈራል፣ ማሳው ጦሙን ያድራል፣ ገና ያልተወለደው ሳይቀር ባለዕዳ ነው። አበጋሮቻችን፣ ማለትም የእርቅ ሽማግሌዎቻችን፣ የሚደክሙት ለዚህ ነው። ሼኹም ቄሱም አብረው ተቀምጠው፣ የሟችን ወገን ለምነው፣ መርቀው፣ ካሳ አስቆርጠው ደም ያደርቃሉ። በአንድ ቀን አያልቅም። የሟች ወንድም እምቢ ብሎ ይነሳል፣ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይሄዳሉ፤ ያ ወንድም ሌሊቱን ምን እያሰበ እንደሚያድር፣ እናቱ ምን እንደምትለው፣ ዘመድ እንዴት «ወንድ አይደለህም» እያለ እንደሚወጋው የሚያሳይ አንድ ድራማ ቢሠራ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ቴሌቪዥን የማይከፍት ቤት አይኖርም ነበር።

ደራሲዎቻችን ይሄን ለምን አይጽፉትም? ጋዜጣችሁ ይጠይቅልን። ሲሠራ ደግሞ ግድያው እንዳለ ይታይ፣ አይሸፈን፣ አይዋብ፤ ሰዓቱ ብቻ ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ