ለልጄ፦ ስለ ታገደው ካሳሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት በስልክ «በቃ አባዬ፣ የሚሰጡኝን ልቀበልና ይለይለት» ስትይኝ አንጀቴን በላሽው። የዕርቁን ወረቀት ሳትፈርሚ ይሄን አንብቢ።

የጭነት መኪናው ስለገጨሽ ባለቤቱ ካሳ እንዲከፍልሽ የተሰጠው ፍርድ አልተሻረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያዘዘው የባለመኪናው ይግባኝ እስኪታይ አፈጻጸሙ፣ ማለትም ክፍያው፣ እንዲቆም ነው። መጥሪያ ስለደረሰሽም አትደንግጪ። ይግባኙ መልስ የሚያስፈልገው መሆኑን ያሳያል እንጂ ተሸንፈሻል አይልም።

ደግሞ ይግባኝ ስለተባለ ብቻ ፍርድ አይቆምም። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 332 ይሄን ይላል። እግድ የሚፈልግ ሰው ሳይዘገይ ማመልከት፣ ካልታገደለት ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ማሳየትና ዋስትና ማቅረብ አለበት። ባለመኪናው ያቀረበው ዋስትና የዚያኑ የጭነት መኪና ሊብሬ ነው። መኪና ደግሞ ያረጃል፣ ይጋጫል። ስለዚህ ጠበቃችን ገንዘቡ ፍርድ ቤት እንዲቀመጥ፣ ካልሆነም መኪናው እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ እንዲታገድ ሊያመለክት ነው።

በጣም የከነከነኝ ግን የእግዱ ምክንያት ነው። «ገንዘቡን ከወሰደች በኋላ ይግባኙን ባሸንፍ ከየት አምጥታ ትመልስልኛለች?» ብሏል ባለመኪናው። የእግር ስፌት ማሽንሽን መርገጥ ያቃተሽ በማን መኪና ሆነና ነው? ጎጂው ራሱ ያደኸያትን ሰው ድህነቷን ቆጥሮ ካሳዋን ሲያስይዝ በፍጹም አልቀበልም። ችሎት ፊትም ይሄው ይነገርልኝ ብያለሁ።

የይግባኙን አቤቱታ ደጋግሜ አነበብኩት። ኃላፊነቱን አልካደም። ቢክድም አይጠቅመውም ነበር፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት ራሱ ባያጠፋም ይጠየቃል። የሚከራከረው «ካሳው በዛ» ብሎ ነው። እንግዲያው «ይገባታል» ብሎ በራሱ እጅ የጻፈው ገንዘብ ለምን ይታገዳል? ክርክር የሌለበት ተለይቶ አሁኑኑ ይከፈላት፣ እግዱ በቀሪው ላይ ብቻ ይሁን ብለን እንጠይቃለን። ፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አይጠብቅም። ችሎቱ እሺ ይላል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ጥያቄው ግን ሚዛን የሚደፋ ነው።

ለሞራል ጉዳትሽ የተፈረደልሽ 1000 ብር ያስከፋሽ መሆኑን አውቃለሁ። ዳኛዋ ጨክና አይደለም። ሕጉ በቁጥር 2116 ከዚያ በላይ አይፈቅድላትም። በ1952 የተጻፈ ጣሪያ ነው፤ ዛሬም መቆየቱ ያሳዝናል።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከጊዮርጊስ ስወጣ ያዙኝ። ግማሹን ተቀብላ ትታረቅ ነው የሚሉት። ዕርቅ አልጠላም፣ እነሱንም አከብራለሁ። ግን የእግዱ ጉዳይ ሳይለይ በጭንቀት የተፈረመ ወረቀት ዕርቅ አይባልም። ደግሞ አንዴ ከፈረምሽ መመለሻው ከባድ ነው። ቢሆንም እግሩ ያንቺ ነው፣ ፍርዱም ያንቺ ነው። ሁሉን ሰምተሽ «ልታረቅ» ካልሽ አብሬሽ እቀመጣለሁ።

ጎንደር ከታከምሽ ወዲህ ያለውን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቢ። የሐኪሙን ማስረጃ ማኅተም እንዲመቱበት አድርጊ፣ ቀሪ ሕክምናሽንና ወጪውንም ይጻፉበት። በሰው አትላኪው፣ ራስሽ ይዘሽ ነይ። መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ። አክስትሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ፣ ከባሕር ዳር