በቀጣዩ ስብሰባ የምንወያይበት ጉዳይ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አባላት፣

በቀጣዩ ስብሰባችን የአውስትራሊያዋን ቪክቶሪያ ግዛት ጉዳይ እናያለን። እዚያ በሕዝብ ደን ውስጥ እንጨት አስቆርጦ የሚሸጠው ቪክፎረስትስ የተባለ የመንግሥት ድርጅት ነበር። ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የተደረገ ገለልተኛ ግምገማ የቁጥጥሩን ድክመት አሳየ። በዓመቱ አዲስ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ።

ነገሩን የቀየረው ግን ፍርድ ቤት ነው። በ2022 የአካባቢ ተሟጋቾች ባቀረቡት ክስ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጅቱ ከመቁረጡ በፊት መላውን ቦታ እንዲፈትሽ አዘዘ። የሚፈለገው ግላይደር የሚባል፣ ከዛፍ ዛፍ እየተንሳፈፈ የሚሻገር የሌሊት እንስሳ ነው። መኖሪያው ያረጀ ዛፍ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ እስኪፈጠር ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል! ዛፉ ከወደቀ በኋላ የሚመጣ ኦዲተር ጥፋቱን ይመዘግባል እንጂ ምን ያደርጋል? ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ፍተሻው ከመጋዙ መቅደም አለበት።

መንግሥት በ2030 ሊያቆመው የነበረውን የተፈጥሮ ደን ቆረጣ በ2024 መጀመሪያ አቆመ። የሠራተኞቹ ካሳና አዲስ ሥራም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

እባካችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን የቅድመ ቆረጣ መፈተሻ ቅጽ ይዛችሁ ኑ። ቅጽ ከሌለም አሠራሩን በቃል ንገሩን።