ሂሩትዬ፣ ይህን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?

ሂሩትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ማን ቀድሞ እንደጠፋ አንከራከር፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ልጆቹም አሁንም "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይወጣል?" ይሉኛል። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር አንብቤ የማወራው ሰው አጣሁ። የላብራቶሪ ሰው ያስፈልገኛል።

ነገሩ ኤረበስ ነው። አንታርክቲካ፣ ሮስ ደሴት ላይ ያለ 3,794 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ። ጀምስ ክላርክ ሮስ በ1841 እ.ኤ.አ. ሲያየው እሳት እየተፋ ነበር። አናቱ ላይ እንደኛ ኤርታሌ የቀለጠ ዐለት ሐይቅ አለው፤ ዙሪያው ግን በረዶ ነው። ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣው ትኩስ ጋዝና እንፋሎት በረዶውን ከስር እያቀለጠ ዋሻ ይሠራል። እንፋሎቱ ውጭ ሲደርስ ደግሞ ብርዱ በረዶ ያደርገውና ረጃጅም የበረዶ ጭስ ማውጫ ያቆማል። አስቢው፣ ጭስ ማውጫ ከበረዶ!

እዚያው ትራምዌይ ሪጅ የሚባል ቦታ አፈሩ እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ብርሃን ስላለ አልጌም ሞስ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ተክልም ይበቅልበታል። ደስ ይላል፣ ግን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደለም።

እዚያው ኤረበስ ላይ ዋረን የሚሉት የበረዶ ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፀሐይ የለ፣ ቅጠል የለ፣ የሚበሰብስ ነገርም የለም ማለት ይቻላል። ባክቴሪያ ግን አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እዚያ ውስጥ የሩቢስኮን ዘረመል አገኘ፤ ያው ተክሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ምግብ የሚቀይሩበት ኤንዛይም። ታዲያ ያለ ፀሐይ ጉልበቱን ከየት ያመጡታል? ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ከሃይድሮጅን፣ ከዐለቱ ብረትና ማንጋኒዝ፣ እንዲሁም ከካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ እኮ ያ በክረምት ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ የተኛን ሰው የሚጨርሰው ጋዝ ነው። ለእነሱ ቀለብ ሆነላቸው!

አሁን አንቺን የሚመለከተው ይመጣል። ዋሻዎቹ ውስጥ ፈንገስም ፈልገው ነበር። ካገኙት መካከል ማላሴዚያ አለበት። ታውቂዋለሽ፣ የሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው፣ ከፎረፎር ጋር ስሙ የሚነሳው። ድሮም እዚያው የነበረ ነው ወይስ ከጎብኚ ራስ ላይ የረገፈ? ሰው የሚመላለስበት ዋሻ ነውና ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ትራምዌይ ሪጅ ላይ ከጀርም የጸዳ ልብስ ሳይደርቡ መግባት የማይፈቀደው፤ ከፊሉንማ ጭራሽ እግር እንዳይረግጠው ዘግተውታል። አንዳንዱ ሰው ይህን ማካበድ ይለዋል። እኔ ግን ደግ አደረጉ እላለሁ። ሁሉንም ረግጠን ከጨረስን ከምን ጋር እናወዳድራለን?

የኛው የአፋሩ ዳሎልም ያው ጣጣ ነበረበት። በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ቡድን ከዚያ አሲድና ጨው መሃል እጅግ ጥቃቅን ሕይወት አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን መጥቶ፣ እጅግ አሲዳማና ጨዋማ የሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። ከውጭ የሚገባ ብክለት እንደሚያሳስት፣ ማዕድንም ሴል መስሎ እንደሚታይ አስጠነቀቀ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ለነገሩ አፋር ሄደሽ "ምንም የለም" ብሎ መመለስም ወኔ ይጠይቃል።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ናሙናው ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እፍኝ ሳይሞላ ሲቀር፣ ከናንተ እጅና ዲኤንኤ ከምታወጡበት ኪት (የኬሚካል ስብስብ) የገባውን ቆሻሻ ከእውነተኛው እንዴት ነው የምትለዩት? ለማነጻጸሪያ ምንም ያልገባበት ባዶ ናሙና አብሮ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ባዶው ራሱ ባክቴሪያ ሲያወጣስ? ልጆቹን ላስተምርበት ነውና በደንብ ጻፊልኝ። መጻፉ ከሰለቸሽ ቮይስ ላኪ፣ ረዘም ቢልም እሰማዋለሁ።

እማማን ሳሚልኝ።

ያንቺው ጓደኛ፣
አልማዝ