የቅዳሜው ነጥብ ወጥቷል

ሰላም ጓዶች! በዕጣ የወጣ የካርታ ነጥብ ድረስ ለምናደርገው ጉዞ፣ ለቅዳሜ ዕጣው የሰጠን ቦታ 11.1187 ሰሜን፣ 39.6829 ምሥራቅ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል መሆኑ ነው። በሳተላይት ምስል ማሳ ይመስላል። ስለዚህ ባለቤቱን ሳናስፈቅድ አንገባም፤ እምቢ ካሉን ከዳር ፎቶ አንስተን እንመለሳለን።

የደሴዎች ጠዋት 1:00 ፒያሳ እንገናኝ። የኮምቦልቻዎች መናኸሪያ ጠብቁን፤ በሐረጎ ወርደን እንደርስባችኋለን።

ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ጂፒኤሱ ያለ ዳታም ይሠራል። በቦታው ቁጥር ከነጥብ በኋላ ያለችው አራተኛዋ አኃዝ በአንድ ስትለወጥ 11 ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ «አንድ እርምጃ ቀረን» ብሎ መጨቃጨቅ የለም!

ውኃ፣ ቆሎና ደህና ጫማ ያዙ። ባለፈው በነጠላ ጫማ የመጣው ሰው ራሱን ያውቃል።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «አለሁ» በሉ። መኪና ያለው ስንት ሰው እንደሚጭን ይጻፍልን።