የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሻጋታ ብቻ አልነበረም

መምህራን ማረፊያ ውስጥ ክበባችን ዘንድሮ "የሻጋታ ማኅበር" የሚል ስም ወጥቶለታል። አልተቀየምኩም። እውነትም ዓመቱን ሙሉ ሻጋታ ስናይ ከርመናል። ለምን ብሎ የጠየቀን ሰው ግን የለም።

31 ተማሪዎች ተመዘገቡ፣ ኮሚቴ ተመረጠ፣ በየዓርቡ ተሰበሰብን። ይህን ሁሉም ክበብ ያደርገዋል። ኅዳር ላይ ቁራሽ እንጀራና ዳቦ በብልቃጥ አሽገን አስቀመጥን። ስፖሩ (ሻጋታው የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ) ሳንባ ስለሚገባ ክዳን መክፈት ክልክል ነበር። በሳምንቱ አረንጓዴውም ጥቁሩም ብቅ አለ። "ቲቸር፣ ሻጋታ ቀለም ምን ያደርግለታል?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው። የሁለተኛው ዙር ብልቃጦች በጽዳት ቀን ቆሻሻ መስለው ተጣሉ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወረቀት አልለጠፍኩባቸውም።

መጋቢት ላይ መልስ ፍለጋ እዚሁ ሀዋሳ ወደሚገኝ የሕክምና ላብራቶሪ ሄድን። 12 ልጆች፣ 4 ባጃጅ፣ ሒሳቡ ከኪሳችን። ቴክኖሎጂስቱ በፕላስተር የታሸጉ ሁለት ሳህኖች አሳየን። በአንዱ ላይ ያደገው ነጭ ነው፤ በሌላው ላይ ያለው ቡና መስሏል።

"ይሄ ያደገበት ምግብ ከምን የተሠራ ይመስላችኋል?" አለ ቡናማውን እያሳየ። ዝም አልን። "ከኑግ ነው።"

ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። "እማዬ ገበያ የምትሸጠው ኑግ?"

"እሱው ነው።" በ1962 እ.ኤ.አ. ፍሪድሪሽ ስታይብ የተባለ ጀርመናዊ ይህን ቡናማ ፈንገስ በኑግ ፍሬ መለየት እንደሚቻል አሳየ። የኑግ ሳይንሳዊ ስም ጊዞቲያ አቢሲኒካ መሆኑን ሲነግራት ልጅቷ እንዴት ቀና እንዳለች ብታዩ!

ቡናማው እንደ ሻጋታ ሁሉ ፈንገስ ነው፤ ክሪፕቶኮከስ ኒኦፎርማንስ ይባላል። የእርግብ ኩስ ባለበት አፈር ውስጥ ይገኛል። (አንዱ ልጅ የሀዋሳችንን ትልቅ ወፍ አስቦ "አባ ኮዳስ?" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።) በትንፋሽ ገብቶ፣ የመከላከል አቅሙ በኤችአይቪ የተዳከመ ሰው ሲያገኝ አንጎል ድረስ ይዘልቃል፤ ማጅራት ገትር ያመጣል። ፈንገሱ ኑግ ውስጥ ካለው ካፌይክ አሲድ ከተባለ ንጥረ ነገር ሜላኒን የሚባል ጥቁር ቀለም ይሠራል። አዎ፣ የእኛን ጸጉር ከሚያጠቁረው ቀለም ጋር ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ደግሞ ለዚህ ቀለም የሚሆን፣ ዶፓሚንን (የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር) የመሰለ ጥሬ ዕቃ ሞልቶለታል።

ልጅቷ ግን አልተወችውም። "መጥቆሩ ምን ይጠቅመዋል?"

ነጭ የደም ሕዋስ ጀርሙን ውጦ በኦክስጅን መርዝ ያጠቃዋል። ሜላኒን መርዙን ይመጥና ያከሽፈዋል፤ የተዋጠው ፈንገስ በቀላሉ አይሞትም። የሻጋታዎቻችን ዘመድ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስም ብልሃተኛ ነው። የስፖሩ ቀለም ሕዋሱ የዋጠበትን ከረጢት አሲድ እንዳይሆን ያደርጋል። ተመራማሪዎች ቀለሙን የሚሠራውን ጂን ሲያጠፉበት ስፖሩ ነጭ ሆነ፤ አይጦችንም እንደ ድሮው ማሳመም አቃተው።

በባጃጅ ስንመለስ ልጅቷ ይህንን ሁሉ ለሾፌሩ ታስረዳ ነበር። ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። አንድም አልሳተችም። ሰኞ ዕለት አንድ ፌስታል ኑግ ይዛ መጣች፤ "እማዬ ለክበቡ ብላ ነው።"

በሰኔ ለወላጆች ባቀረብነው ዝግጅት ኑጉ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማይክሮስኮፑም ነበር፤ ያለን አንድ ነው፣ ትልቁ ሌንሱም ተጭሯል። ወላጆች ተሰልፈው ጭጋግ አይተው ተመለሱ። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ መገዛቱ ደስ ብሎናል፤ ልጆቻችን እዚያም ይጫወታሉ። እኛ የጠየቅነው አንድ ማይክሮስኮፕና የባጃጅ ሒሳብ ነው። ደብዳቤው ከግንቦት ጀምሮ ቢሮ ተቀምጧል። ግልባጩ ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ተሰጥቷል።