ጋቢውን ልተርትረው ወይ?

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለን እንደዚህ ነበር የምንጽፈው፣ ትዝ ይልሻል? ለሌላ ሰው ደህና ነኝ እላለሁ። አንቺን ብዋሽሽ ግን ከእጅ ጽሑፌ ታውቂብኛለሽ።

ጠፋሁ፤ አውቃለሁ። በ2016 ሰፈርሽ ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ አንቺ አራብሳ ከገባሽ ወዲህ ያየሁሽ ሁለቴ ነው። አንዱም የእናትሽ ቀብር ላይ። ለአርባዋ ሳልመጣ ቀረሁ። ምክንያቴን ብጽፈው ምክንያት አይመስልም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ቁጥርሽን አውጥቼ ሳልደውል ስልኩን አስቀምጫለሁ። ድምፅሽን ከሰማሁ አለቅሳለሁ፤ እያለቀስኩ ደግሞ የምጠይቅሽን መጠየቅ አልችልም። የምጠይቅሽ እናትሽ ለሰርጌ ስለሰጠችኝ ጋቢ ነው። ቆይ ግን፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ባሌ ሳሎን መተኛት ከጀመረ አራት ወር አለፈው።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ለቅርብ ሰው አልተናገርኩም፤ ለሥጋ እህቴም፣ ለንስሐ አባቴም። አልተጣላንም። ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበታል፣ ይለቀሳል፣ ይታረቃል። ይሄ ግን ስሙን እንኳ ለመጥራት የሚያሳፍር ነገር ነው። የአንሶላ ነገር ነው።

አትሳቂ። እሺ፣ ትንሽ ሳቂ።

የማረጫ ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ከደረቴ ወላፈን ይነሳል። አንገቴን አልፎ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ከዚያ ላብ፤ የፀጉሬ ሥር ሳይቀር ይርሳል። ትንሽ ቆይቶ ያው ላብ ይቀዘቅዝና ያንቀጠቅጠኛል። ሐኪሟ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ የተለመደ ነው፣ ስስ ጥጥ ልበሽ፣ ጥጥ ላይ ተኚ አለችኝ። እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። የደብረ ብርሃን ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለ ብርዳም! በሰርጋችን ዕለት «ብርዱን ሸሽቶ ነው አዲስ አበባ የገባው» ብለሽ ሚዜዎቹን ያሳቅሽው አንቺ አይደለሽ? አሁንም ያው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ካልሲ ላይ ካልሲ ይደርባል።

አልጋችን ላይ የነበረው አበባ አበባ ያለበት፣ የሚያንሸራትተው አንሶላ ነው። ከመርካቶ ስንገዛው ሻጩ «የ1000 ክር ነው» ብሎ ማለልን። እሱ ወደደው። እኔ ላቤ እላዩ ላይ ቁጭ ይላል። ጥጡን ሳነጥፍ ደግሞ እሱ «ብረት ላይ የተኛሁ መሰለኝ» ይላል። አንድ ሌሊት የእኔ፣ አንድ ሌሊት የእሱ አልን። እንደዚያ ሲሆን ሁሌም አንዳችን አንተኛም። አንሶላ መጋፈፍ የሚባለው ነገር እኛ ቤት ቃል በቃል መጋፈፍ ሆነ፤ እኔ ስጥል እሱ ሲስብ ይነጋል። አንድ ቀን ትራሱን ይዞ ተነሳ። «አንቺ እንድትተኚ ነው» አለኝ። ድምፁ ደግ ነበር። ደግነቱ ነው ያስለቀሰኝ። ቁጣ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ተኛሁ፤ አልደብቅሽም። አልጋው ሰፋኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሌሊት ስነቃ እጄ እሱን ይፈልግ ጀመር። መኝታ ለዩ ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ አንቺም አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ሶፋውን አስተካክላለሁ። ትራሱን እደብቃለሁ። በገዛ ቤቴ የሰረቅኩ ያህል እየተሳቀቅኩ።

ያወቀብኝ ማን መሰለሽ? የክርስትና ልጅሽ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርቃጨርቅ እያጠናች እንደሆነ ነግሬሽ ነበር? ሳልነግርሽ አልቀርም። ለእረፍት መጣችና ሶፋው ሥር የወደቀ የአባቷን ካልሲ አገኘች። ምንም አላለችም። ማታ መኝታ ቤት ገብታ አንሶላውን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «እማዬ፣ ይሄ እኮ ፖሊስተር ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሁለቱንም አንሶላ መስኮት አጠገብ ወስዳ በስልኳ ካሜራ አጉልታ አሳየችኝ። የእኔው ጥጥ ድርና ማጉ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች እያለ ይሄዳል። ፐርኬል ይሉታል፤ አየር ያሳልፋል፣ ሲነኩት ደረቅ ይላል። የእሱ የሳቲን አሠራር ነው፤ ክሩ አራት ዘሎ ነው አንዴ የሚገባው። የሚያንሸራትተው ለዚህ ነው። ጥጥ ደግሞ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶም አይሞላ። ላቤ እላዬ ላይ የሚቀረው ወዴት ይሂድ! ስለ 1000 ክሩም ጠየቅኳት፤ በአንድ ካሬ ኢንች ጨርቅ ውስጥ ያሉት ክሮች ቁጥር ነው አለችኝ። የተገመዱ ቀጫጭን ክሮችን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ቁጥሩን እንደሚያሳድጉት ነገረችኝ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን አመጣች። ውጭ አገር ለእንደ እኛ ዓይነት ባልና ሚስት ተብሎ የሚሠራ አንሶላ አለ አለች። ግማሹ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ግማሹ የሚያሞቅ፣ መሃል ላይ የተገጠመ። ስዊድንና ዴንማርክ ደግሞ ብዙ ባልና ሚስት በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ነው የሚለብሱት አለችኝ። እህቴ፣ ምን ያህል ቀለል እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ያን ሁሉ ጊዜ ትዳሬ የታመመ መስሎኝ ነበር። ሰው ለዚህ ነገር ጨርቅ ሰፍቶለታል!

እኛም እንስፋ አልን። ለእኔ ስስ ጥጥ፣ ለእሱ ብርድ ልብስ የሚመስለውን ፀጉራም ጨርቅ ገዛሁ። ስድስት ኪሎ ከቤታችን በታች ያለ ልብስ ሰፊ ገጠመልኝ። ልጅቷ ተመልሳ ሄዳ ስለነበር የሚመክረኝ አልነበረም። የመጀመሪያው ሌሊት ጥሩ ነበር፤ ፀጉራሙ ጨርቅ እሱ በተገላበጠ ቁጥር ጨለማ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ከማለቱ በቀር። ሳጥበው ጉድ ፈላ። ጥጡ ገባ፣ ያኛው ባለበት ቀረ። መሃሉ ሽብሽብ ቀሚስ ሆነ። ስፌቱ ሁለታችንንም ጎናችንን ይቆረቁረን ጀመር። በስልክ ስነግራት «ከመስፋትሽ በፊት አላጠብሽውም?» ብላ ጮኸችብኝ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት እንደሚገባ እኔስ አጥቼው ነው? የቸኮልኩት እሱ ወደ አልጋው እንዲመለስ ነው።

ተመልሶ ሶፋው ላይ ሄደ። ሽብሽቡን አንሶላ አስጥቼው ሳለ ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ አየችው። «የባልና ሚስት አንሶላ መሃሉን አይሰፋም፤ ድንበር ነው» አለችኝ። ሰው ምን አለ ምን የማይገደኝ ሴት ነበርኩ። ይሄኛው ግን ገባብኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ዋለ።

በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ሶፋው ላይ የእናትሽን ጋቢ ከሥሩ አንጥፎ፣ እንደ ሕፃን እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ካልሲ የለ፣ ምን የለ። ቆሜ አየሁት። ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩትን መቼ እንዳወጣው አላውቅም። ጠዋት ስጠይቀው «እሱ ላይ ብቻ ነው የሚሞቀኝ» አለ።

ማታውኑ ጋቢውን አጥፌ በእሱ በኩል አነጠፍኩለት፤ በእኔ በኩል ስሱን ጥጥ። መጣ። ሌሊት ስምንት ሰዓት እንደ ልማዴ ነቃሁ። ወላፈኑ መጥቶ ሄደ፣ ጥጡ ላቤን ጠጣው። እሱ ያንኮራፋል። እጁ የእኔ ጥጥ ላይ ነበር፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ዘና ብለው። እጄን ከተትኩበት። አራት ወር ሙሉ የፈለግኩት ይሄን ነበር።

ችግሩ ጋቢው ሲታጠፍ ወፍራም ነው። የእሱ በኩል ከፍ ይላል፣ ሌሊቱን ይንሸራተታል፣ ሲነጋ እግርጌ ተጠቅልሎ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አንድ የዶርዜ ሸማኔ አባት አሉ፤ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። (አዎ፣ ላንቺ ያልነገርኩትን ለማላውቃቸው ሰው። አትቀየሚኝ።) አዲስ ጋቢ ልግዛ ወይስ ይሄን ልቁረጠው አልኳቸው። ጋቢውን ዘርግተው ጫፉን በጣታቸው ፈተሹት። «ይሄ አይቆረጥም፤ ይተረተራል» አሉኝ።

መወርወሪያው በእጅ ስለሚወረወር የሸማኔ ጨርቅ ስፋቱ የሸማኔው እጅ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ሁለት ስፋት ጎን ለጎን ካልተሰፋ ጋቢ አይሆንም። እኔ እኮ ዕድሜ ልኬን ጋቢ ለብሼ መሃሉ ላይ ስፌት እንዳለው ልብ ብዬ አላውቅም! ያቺን ጎረቤቴን እዚያው ባገኛት ደስ ባለኝ። ጋቢው አራት ንብርብር ነው። ስፌቱ ከተፈታ ሁለቱን ንብርብር፣ አንዱን ስፋት ለእሱ በኩል እወስዳለሁ። አልጋችን ያችው ሜትር ከሃምሳዋ ናት፤ ግማሿን ልክ ይሸፍናታል። ዳሩን ፍራሽ ሥር እንዲገባ አቡጀዲ እቀጥልበታለሁ። ጥጥ ከጥጥ ጋር ነው፣ ጋቢው ደግሞ 23 ዓመት ታጥቦ የሚገባውን ገብቶ ጨርሷል። የእኔን ጥጥ ብቻ አስቀድሜ ሁለቴ አጥባለሁ። አዲስ ጋቢማ ከዚያ ወዲያ ተገዝቶ ነበር፤ ሰውዬው አንድ ሌሊት ተኝቶበት «ያኛው ይሻላል» አለ።

ትናንት ማታ መርፌና ምላጭ ይዤ ተቀመጥኩ። መብራቱን አስጠግቼ ስፌቱን ፈለግኩት። የእናትሽ እጅ ነው፤ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ። አንደኛው ጫፍ ላይ ነጩ ክር አልቆባት አራት ጣት ያህል በቀይ ክር ጨርሳዋለች። አይተሽው ታውቂያለሽ? እኔ ትናንት ነው ያየሁት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ስታሽከረክር ታየችኝ። እኔና አንቺ ከትምህርት ቤት ስንመጣ ክሩን እንዳንረግጥባት ትቆጣን ነበር። ማጉን ሁሉ የፈተለችው ለእኔ ሰርግ ነው። የክርስትና ልጅሽን ስወልድ የተጠቀለልኩት በእሱ ነው፤ ያፈሰስሽብኝ የአጥሚት ምልክት እስካሁን ጥጉ ላይ አለ።

የመጀመሪያዋን የክር ዙር በምላጩ ጫፍ አነሳኋት። መበጠስ አቃተኝ። እሷ የሰፋችውን እንዴት እፈታለሁ? ለአርባዋ እንኳ ያልመጣሁ ሰው።

ስለዚህ አንቺን ልጠይቅ። አትንኪው ካልሽኝ አልነካውም፤ እውነቴን ነው፣ አልቀየምም። ሌላ ዘዴ እፈልጋለሁ። እሺ ካልሽኝ ግን ብቻዬን አልተረትረውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤው አራብሳ ልምጣ። አንቺ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው እንይዘውና እንፈታዋለን። ቀዩን ክር አንቺ ታስቀሪዋለሽ። የሚተርፈው ላንቺ ይሁን፤ የእሷ እጅ ያለበት ነገር ቤትሽ እንደሌለ የቀብሩ ዕለት ነግረሽኝ ነበር። ያኔ ሳጥኔ ውስጥ እንዳለ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ይሄም ሲከነክነኝ ነው የከረመው።

ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ። እጣኑን አንቺ። አንድ ቃል ብትጽፊልኝ ይበቃኛል። ምላጩን መሳቢያ ውስጥ መልሼዋለሁ፣ ጋቢው አልጋችን ላይ በእሱ በኩል እንደታጠፈ ነው።

እህትሽ
ከስድስት ኪሎ