መለኪያውን ቀድመህ ግዛ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ከተጻጻፍን ዓመታት ቢቆጠሩም ከልቤ ወጥተህ አታውቅም። በሴሚኮንዳክተር ፊዚክስ ረዳት ፕሮፌሰር ልትሆን መሆኑን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። የሌላውን ወሬ ለሚቀጥለው አቆይቼ፣ አሁን ይጠቅምሃል የምለውን ልጻፍልህ።

የመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ገንዘብህ በማምረቻ መሣሪያ አይለቅ። ብረት የሚያለብስ የቫኪዩም ማሽን ያጓጓል፤ ግን ፓምፑና ጥገናው ዓመታትህን ይበላብሃል። ለማምረቱ የዩኒቨርሲቲው የጋራ ንጹሕ ክፍል ይበቃል። የራስህ ማድረግ ያለብህ መለኪያውን ነው፦ ፕሮብ ጣቢያ (ናሙናውን በቀጭን መርፌ ነክቶ ከመለኪያው የሚያገናኝ)፣ ቮልቴጅ እየሰጠ ከረንት የሚለካ መሣሪያ፣ ትራያክሲያል ኬብል (ለአነስተኛ ከረንት የሚሆን፣ በሁለት ሽፋን የተከለለ)፣ ብርሃን የማያስገባ ሣጥን። ሣጥኑን አትናቀው። የሲሊከን ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ከታሰረበት ለመላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት) 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ የክፍሉ መብራት ራሱ ነጻ ኤሌክትሮንና ሆል (ኤሌክትሮኑ የተወው ባዶ ቦታ) ይፈጥራል፤ የምትለካው ዳዮድ በማይፈለገው አቅጣጫ የሚያሳልፈው የኋላ ከረንትም ከልኩ በላይ ሆኖ ይነበባል።

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱት በኮንታክት፣ ማለትም ብረቱ ከቁሱ በሚገናኝበት ቦታ፣ ነው። በሁለት ፕሮብ ሲለኩ የቁሱንና የኮንታክቱን ረዚስታንስ ደምረው ያነባሉ፤ ሞቢሊቲው (ኤሌክትሮኖች በቁሱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱበት ቅልጥፍና) ዝቅ ሲል ጥፋቱን በቁሱ ያላክካሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዋፈር (ስስ የሴሚኮንዳክተር ዝርግ) ላይ ክፍተታቸው 5፣ 10፣ 20፣ 40 እና 80 ማይክሮሜትር የሆኑ ኮንታክቶች በተርታ ይሥሩ። ረዚስታንሱን ከክፍተቱ አንጻር ሲነድፉት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ዝንባሌው በኮንታክቱ ወርድ ሲባዛ የንብርብሩን ሺት ረዚስታንስ (የአንድ ካሬ ንብርብር ረዚስታንስ) ይሰጣል፤ ክፍተቱ ዜሮ ሲሆን የሚቀረው ደግሞ የሁለቱ ኮንታክቶች ረዚስታንስ ድምር ነው። ነጥቦቹ ከመስመሩ ከተበተኑ ኮንታክቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉምና ውጤቱን አትቀበል።

የከረንትና የቮልቴጁ መስመር ከታጠፈ ሾትኪ ባሪየር (በብረቱና በሴሚኮንዳክተሩ መካከል ኤሌክትሮኖችን የሚያግድ የጉልበት ግድግዳ) አለ። ዶፒንጉ (ሆን ተብሎ የተጨመረው ባዕድ አቶም) ዝቅተኛ በሆነ ኤን ዓይነት (ከረንቱን በዋናነት ኤሌክትሮን በሚሸከምበት) ሲሊከን ላይ አሉሚኒየም ብትጥል የሚገጥምህ ይኸው ነው። ከብረቱ ሥር ያለውን ቦታ በሴንቲሜትር ኪዩብ ከ10¹⁹ በላይ አቶም ዶፕ ብታደርገው ባሪየሩ ይቀጥንና ኤሌክትሮኖቹ በተነሊንግ (ግድግዳውን ሳይወጡት ሰንጥቀው) ያልፋሉ። ሌላው ምክንያት በአየር ላይ የሚበቅለው ኦክሳይድ ነው፤ ዋፈሩ በተበረዘ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ተነክሮ ሳይውል ሳያድር ቫኪዩም ይግባ። አሲዱ በቆዳ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፤ ሕመሙም ሊዘገይ ይችላል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በእጅ ሳይኖር ማንም ጠርሙሱን አይክፈት። በዚህ ነገር ላይ ለማንም አትራራ።

ሹመትህ በፊዚክስና በኤሌክትሪካል ምህንድስና መካከል እንደሚከፈል ሰምቻለሁ። ትልቅ ዕድል ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ባርዲን እ.ኤ.አ. በ1951 ከቤል ላብራቶሪዎች ወደ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ በሁለቱም ክፍሎች ፕሮፌሰር ነበር። በትራንዚስተር የ1956ን፣ በሱፐርኮንዳክቲቪቲ (ከረንት ያለ ረዚስታንስ የማለፍ) ንድፈ ሐሳብ የ1972ን የፊዚክስ ኖቤል አገኘ፤ ተማሪው ኒክ ሆሎንያክ ደግሞ በ1962 ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ሠራ። ባርዲን ግን ሲሄድ ስሙ የታወቀ ነበር፤ አንተን ገና ይመዝኑሃል። ዕድገትህን የሚገመግመው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የምታስተምራቸው ኮርሶች ለማን እንደሚቆጠሩ፣ ከሁለቱም ተማሪ መቀበል መቻልህን ሳትፈርም በጽሑፍ አስቀምጥ። አለበለዚያ ሁለቱም የሙሉ ሰው ሥራ ይጠብቁብሃል።

የመሣሪያ ዝርዝርህን ላክልኝና ኬብሉንና የፕሮቡን መርፌዎች አብረን እንምረጥ።

ያንተው ወዳጅ